የኖርሆልም ዜሮ

ሄርዲስ ቡንጎር በሰባ አራት ዓመት ዕድሜዋ መፈረም ሲገባት ሳትፈርም የቀረችው ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርሆልም ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ስትሠራ የልጆች መሸኛ፣ የክትባት ካርድ፣ የሽርሽር ፈቃድ፣ ሁሉም በእሷ እጅ አልፏል። ፊርማዋን የማያውቅ የመንደሩ ሰው የለም። የመጀመሪያዋ ፊደል እንደ ወንበር ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ የቀሩት ይከተሏታል፣ መጨረሻ ላይ አጭር ሰረዝ ትመጣለች። ያቺን ሰረዝ ሳታሰምር እጇን ከወረቀት ላይ አንስታ አታውቅም።

ጡረታ ከወጣችም በኋላ መንደሩ አልለቀቃትም። ምርጫ በመጣ ቁጥር በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ሁለተኛው ጠረጴዛ የእሷ ነው። አሥራ አንድ የፓርላማ ምርጫ አስመርጣለች። ካርዱን ቤቱ ረስቶ ለሚመጣ ሰው የልደት ቀኑን ራሱ ከመናገሩ በፊት እሷ ትነግረዋለች፤ በሰው ፊት ዕድሜውን ሊቀንስ ለሚሞክርም አታዝንለትም። ስትቆጥር ተዛብቶባት አያውቅም። ይህን ራሷ አትናገረውም፤ ሌላ ሰው ሲናገርላት ግን አታስቆመውም።

በአሥራ ሁለተኛው ምርጫ ዋዜማ ከማዘጋጃ ቤቱ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። በጣም ጨዋ ደብዳቤ ነው። ለረጅም ዘመን አገልግሎቷ አመስግኖ፣ ከምርጫው በኋላ ቡና እየጠጣን ስለ መተካካት ብንነጋገር ይላል። ሄርዲስ ደብዳቤውን ማቀዝቀዣዋ በር ላይ ለጠፈችው። ወተት ልታወጣ በሄደች ቁጥር እያነበበች ትናደዳለች። አንድ ነገር ብትሳሳት፣ አንዲት ነገር፣ የቡናው ወሬ አጥሮ ወዲያው እንደሚተኳት ገብቷታል።

ምርጫው ማክሰኞ ሊሆን፣ በፊቱ ባለው ሐሙስ ከፕሬበን ጋር ከቤት መውጣት የማይችሉ ሰዎችን ድምፅ ለመቀበል ተላከች። ፕሬበን ጡረታ የወጣ የወተት መኪና ሹፌር ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ይስቃል። ሥራው ቀላል ነው። መራጩ የሚፈልገውን ስም በወረቀቱ ላይ ይጽፋል፤ መጻፍ ካቃተው ይጻፍለታል። ወረቀቱ በትንሽ ፖስታ ይታሸግና ከሸኚ ደብዳቤ ጋር በትልቁ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ሸኚ ደብዳቤው ላይ መራጩ ይፈርማል፣ ሁለቱ ድምፅ ተቀባዮችም ይፈርማሉ። ከሦስቱ ፊርማ አንዱ ከጎደለ ትንሹ ፖስታ ሳይከፈት ይቀራል። ሄርዲስ ይህን ለስንት አዲስ ሰው አስተምራለች!

የዚያን ቀን የመጨረሻው ቤት የቶርኪል ክቪስት ነበር። ቶርኪል ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ከሄርዲስ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። አርባ አምስት ዓመት ጎረቤት ሆነዋል። ባሏ በሞተ ሰሞን ማንም ሳይጠራው እየመጣ የደጇን በረዶ የሚጠርግላት እሱ ነበር። ባለፈው ጸደይ ዳሌው ተሰብሮ ከአልጋ ዋለ። ዓይኑም ደክሟል፤ የመስኮቱን ብርሃን ያያል እንጂ የሰው ፊት አይለይም። ሄርዲስ የቤቱ ቁልፍ አላት። ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፣ ጥቁር ዳቦ ላይ የተፈጨ ጉበት ቀብታ ታቀርብለታለች፣ ጋዜጣውን ታነብለታለች።

ዕድሜውን ሙሉ አሳማ አርብቷል። ስልሳ ዓመት የገበሬዎቹን ፓርቲ ሲመርጥ እንደኖረ ደግሞ አገር ያውቃል፤ የድምፅ ምስጢር የሚባለው ነገር በኖርሆልም ለቶርኪል አይሠራም ነበር።

«ማን ብዬ ልጻፍልህ?» አለ ፕሬበን፣ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ።

«ሶልቫይ ክቪስት።»

ብዕሩ ቆመ።

«የትኛዋን ሶልቫይ?»

«አንተ ስንት ሶልቫይ ክቪስት ታውቃለህ? ልጄን ነዋ!»

ሶልቫይ አንድ ልጁ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ ዋና ከተማው ሄዳ እዚያው ቀረች። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በቴሌቪዥን ቀርባ አሳማ እንዴት ታጉሮ እንደሚረባ ተናገረች፤ የማንን ቤት እያሰበች እንደተናገረች ኖርሆልም ሁሉ ገባው። በዚያው ዓመት ለገና መጣች። ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ የተጠበሰው ሥጋ ቀርቦ፣ «ባሳደገኝ ሥራ አፍራለሁ» አለችው። ቶርኪልም «ካፈርሽበት አትብዪው» ብሎ ሳህኑን ከፊቷ አነሳው። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንዳቸው የሌላውን ድምፅ ሰምተው አያውቁም። አሁን የአገሩ አሳማ በግማሽ ይቀነስ የሚለው ፓርቲ ዕጩ ናት።

«ቶርኪል፣» አለች ሄርዲስ፣ «አስበህበታል?»

«ከሚያዝያ ጀምሮ ተኝቻለሁ። ከማሰብ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? አሳማዎቹን ሸጥኩ፤ እልኬን ግን የሚገዛኝ አጣሁ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አሁን ስሙኝ። ጋዜጣው ለየዕጩው በየመንደሩ ስንት ድምፅ እንደተገኘ ያወጣል፣ አይደል?»

«ያወጣል።»

«ኖርሆልም ውስጥ ለሶልቫይ ድምፅ የሚሰጥ ሌላ ሰው ታውቃላችሁ?»

ፕሬበን ትከሻው መሳቅ ጀመረ። «ከብቶቹ ካልመረጡ በቀር!»

«እኔም እሱን ነው የምለው። ዕጩ የተባለ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የትውልድ መንደሩን ነው። ከስሟ አጠገብ አንድ የምትል ቁጥር ታያለች። የማን እጅ እንደሆነ አይጠፋትም። ስልክ ልደውል ብል ምላሴ ይተሳሰራል፤ ደብዳቤ እንዳልጽፍ ዓይን የለኝም። በዚህ እነግራታለሁ።» ከዚያ ጣቱን ቀስሮ አስፈራራቸው። «ትንፍሽ ትሉና! ሕግ ነው።»

ሄርዲስ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገች። ፕሬበን ስሙን ጻፈና ሸኚ ደብዳቤውን ለሽማግሌው አቀረበለት፤ ቀጭኗ ብዕር ግን ከጣቱ እየሾለከች አስቸገረችው። ሄርዲስ የራሷን ሰጠችው። ትምህርት ቤቱ በጡረታዋ ቀን የሸለማት ወፍራም ሰማያዊ ብዕር ነው። እጁን ይዛ መስመሩ ላይ አሳረፈችለት፤ ቶርኪል ቀስ ብሎ ፈረመ። ፕሬበን በገዛ ብዕሩ ፈረመ። ይሄኔ ሽማግሌው «ሄርዲስ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ኬክ አለ፤ አምጪው፣ ዛሬማ እንበላለን!» አለ። ተነስታ ሄደች። ስትመለስ ወረቀቶቹ ተደርድረው ጠበቋት። ትንሹን ፖስታና ሸኚ ደብዳቤውን በትልቁ ከተተች፣ አሸገች፣ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ኬኩን በሉ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት ከሰው ቤት የወጣችበትን ጊዜ አታስታውስም።

አመሻሹ ላይ ቤቷ ተቀምጣ የጋዜጣውን የቃላት እንቆቅልሽ ልትሞላ ቦርሳዋን ከፈተች። ብዕሯ የለም። ቶርኪል እጅ ላይ እንደቀረ ትዝ አላት። ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ከፊቷ ሳይጠፋ ሌላ ሐሳብ መጣ። ታዲያ እኔ በምን ፈረምኩ?

በፕሬበን ብዕር ይሆናል አለች። ነገር ግን ፕሬበን ብዕሩን ደረት ኪሱ ውስጥ ሲሰካ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ በጎን አይታው ነበር።

እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ጊዜ ነበር። ለማዘጋጃ ቤቱ ብትደውል፣ ያንን ፖስታ ጣሉት፣ እንደገና ሄደን እናስመርጠዋለን ብትል፣ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ነገር ነው። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስልኩን አነሳች። ዓይኗ ማቀዝቀዣው በር ላይ አረፈ። የሚመልስላትን ሰው ድምፅ በሐሳቧ ሰማችው፤ አይዞሽ ሄርዲስ፣ በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል የሚል ለስላሳ ድምፅ። ስልኩን መልሳ አስቀመጠች። ፈርሜአለሁ፣ እጄ ለምዶታል፣ ሳላውቀው ፈርሜአለሁ አለች። ፕሬበንንም አልጠየቀችውም። ያልጠየቀችው መልሱን ስለምታውቅ ነው።

ያን ጠዋት ቶርኪል ጋ ስትገባ ብዕሯ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጧል።

«ንብረትሽን ጥለሽ ሄድሽ» አላት።

«ያንተ ትሁን» አለች። ልትነካው አልቻለችም።

ማክሰኞ በማለዳ፣ በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ አስመራጮቹ አዳራሹ ውስጥ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ፖስታ መክፈት ጀመሩ። ትኩስ ዳቦና አይብ ቀርቧል፤ ቡናው በየፔርሙሱ ተደርድሯል። ሰብሳቢው ብያርከ የሚባል የሠላሳ ስድስት ዓመት መምህር ነው፤ እሷ ጸሐፊ በነበረችበት ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ አፍንጫውን የጠረገችለት ልጅ። ስልሳ ሦስት ፖስታ ነበር። አርባ አንደኛውን ከፍቶ ሸኚ ደብዳቤውን አየና ገልበጥ አደረገው።

«የቤት ለቤት ነው። አንድ ፊርማ ይጎድለዋል።» ስሙን አነበበ። «ቶርኪል ክቪስት።»

ፕሬበን ወደ ሄርዲስ ዞረ። ሁሉም ወደ ሄርዲስ ዞሩ፤ ወዲያውም ሁሉም ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

«በማንም ይደርሳል፣» አለ ብያርከ በቀስታ፣ «አንቺ አትጨነቂ።» ፖስታውን ለብቻው አስቀመጠና ቃለ ጉባኤው ላይ «ውድቅ፦ 1» ብሎ ጻፈ። አንድ ክፉ ቃል የተናገረ ሰው የለም። ሄርዲስ ሲያወግዟት ብትሰማ ይሻላት ነበር።

ቀትር ላይ ፕሬበን አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። «እስከ ማታ ሁለት ሰዓት እኮ ክፍት ነው። ስሙ መዝገቡ ላይ ገና አልተሰረዘም፣ መምረጥ ይችላል። የበሽተኛ መኪና ጠርተን እዚህ በር ድረስ እናምጣው፤ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ እናቀርብለታለን። ከዚህ በፊትም አድርገነዋል።»

«በዚያ ዳሌው? ሐኪሙ እንዳይነቃነቅ ብሎታል።»

ሐኪሙ ብሎታል፤ ያለው ግን ከወራት በፊት፣ በግንቦት ነው። ፕሬበን አያት አያትና ዳቦውን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። መኪና ከመጣ ለምን እንደመጣ ለቶርኪል መንገር ሊኖርባት ነው። ሄርዲስ የፈራችው የእሱን ዳሌ አልነበረም።

በዚያ ምርጫ ቀዩ የግራ ወገንና ሰማያዊው የቀኝ ወገን ተናንቀው አደሩ፤ አገሩ በሙሉ አንድ ወንበር ለማን ደረሰ እያለ ሲቆጥር ነጋ። ረቡዕ ጠዋት ድምፁ ለየዕጩው ተለይቶ እንደገና ይቆጠራል፤ ሄርዲስም እንደ ወትሮዋ ተገኘች። የኖርሆልም ወረቀት ፊቷ ቀረበ። የእያንዳንዱን ዕጩ ክምር እየቆጠረች ቅጹን ሞላች። ሶልቫይ ክቪስት የሚለው ስም ጋ ስትደርስ ክምር የለም። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ዜሮዋን በገዛ እጇ ጻፈች፣ ቅጹን እስከ ታች ሞላች፣ ፈረመችበት። ሰረዟንም አልረሳችም።

ከሰዓት በኋላ ሶልቫይ በአገር አቀፍ ድምፅ ለፓርቲዋ በተሰጠ ተጨማሪ ወንበር ፓርላማ መግባቷ ተነገረ። ሄርዲስ ቤቷ ገብታ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት አንድ ጋዜጠኛ ማይክራፎኑን ወደ ሶልቫይ ደግኖ ነበር።

«በአገር ደረጃ አሸንፈሻል፤ በትውልድ መንደርሽ ግን አንድም ድምፅ አላገኘሽም። ምን ትያለሽ?»

«ኖርሆልም ከሰው ይልቅ አሳማ ይበዛል» አለች ሶልቫይ እየሳቀች። «አሳማዎቹ ቢመርጡ ኖሮ እኔን የሚያህለኝ አልነበረም።» ጋዜጠኛው ሳቀ። እሷ ግን ሳቋ ቀድሞ አለቀ። «አባቴ እዚያ ነው የሚኖረው። እሱም... መልሱን ሰጥቶኛል። እሺ።»

ሄርዲስ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ባሏ በሞተ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣውን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። እውነቱን ልትነግረው ወስናለች፤ ቃሉንም በልቧ አዘጋጅታለች። በሩን ስትከፍት ቶርኪል ተላጭቶ፣ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አበጥሮ ትራሱን ተደግፎ ጠበቃት። ጠዋት የምትመጣውን ረዳት አስቸግሮ ያስደረገው ነው።

«ዛሬ ከሠንጠረዡ ጀምሪ» አላት። «ኖርሆልም።»

ጋዜጣውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ሶልቫይ ክቪስት» አለች።

«እ?»

«አንድ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው።

«እስቲ ድገሚው።»

«አንድ ይላል፣ ቶርኪል።»

ሽማግሌው ፊቱ በራ። ያንን ፊት ለማየት ብላ ዋሽታ፣ አሁን ደግሞ ፊቱን ማየት አልቻለችም። «ስልኩን ከመስኮቱ አንሺና እዚህ አምጪልኝ» አለ። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠው። እህል አልቀመሰም፤ አፌን ሞልቼ ብትደውልስ አለ።

ዓርብ ስልኩ አልጮኸም።

ቅዳሜ ጠዋት «ይሄ ዕቃ ተበላሽቶ እንዳይሆን» አላት። «እስቲ ቤትሽ ሂጂና ደውዪልኝ።» መንገዱን ተሻግራ ከገዛ ማድ ቤቷ ደወለች። ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሳው።

«ሶልቫይ?»

ሄርዲስ በመስኮቱ አሻግራ ቤቱን አየች።

«ሶልቫይ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ቶርኪል። ሄርዲስ ነኝ።»

«አዎ። አዎ፣ እኔው ነኝ ደውዪ ያልኩሽ። ይሠራል ማለት ነው።» ድምፁ ወርዶ ነበር። ስልኩን ዘጋው።

እሑድ አንድም ቃል ሳይናገር ጋዜጣውን ሰማ። ዳቦውን ለወፎቹ ስጪያቸው አላት። ሰኞ ጠዋት ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆየና ወደ እሷ ገፋው።

«ወደ መስኮቱ መልሺው። አይታዋለች። አንድ አልበቃትም።» ዓይኖቹ ወደ ባዶው ጣሪያ ዞረው ነበር። «እውነቷን ነው። እኔም ብሆን አልደውልም ነበር። ሳህን ከልጅ ፊት አይነሳም።»

ሄርዲስ ስልኩን መስኮቱ ላይ አኖረችና ሳትሰናበት ወጣች። ውጪ ፕሬበን መሰላል አቁሞ የምርጫ ፖስተሮችን ከመብራት እንጨቶቹ ላይ ያወርዳል፤ እስከ ረቡዕ ካልወረዱ ቅጣት አለው። ከቶርኪል መስኮት ፊት ለፊት ካለው እንጨት ላይ ሶልቫይ እየሳቀች ወደ መሬት ወረደች።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አላት ፕሬበን።

ነገረችው። ሐሙስ ምን ብላ እንዳነበበች፣ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ስልክ አቅፎ እንዴት እንደሰነበተ፣ ሁሉንም።

ፕሬበን ከመሰላሉ ወረደ። ትከሻው አልሳቀም። «አንድ አልሽው?»

«አንድ አልኩት።»

«ያለመፈረምሽን ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። እሱ ስህተት ነው። ይሄኛው ግን ስህተት አይደለም፣ ሄርዲስ።» ፖስተሩን አጥፎ መኪናው ውስጥ ጣለና መሰላሉን ወደሚቀጥለው እንጨት ተሸከመ።

ቤቷ አልገባችም። ዞራ ያንኑ በር ከፈተች። ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ምን ረሳሽ?» አላት ቶርኪል።

«ዜሮ ነበር።»

«ምኑ?»

«የሶልቫይ። ጋዜጣው ላይ ዜሮ ነው የሚለው። አንድ ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ሽማግሌው አንገቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። «የእኔስ?»

«አልተከፈተም። ሸኚ ደብዳቤው ላይ አልፈረምኩም። ኬኩን ላመጣ ስነሳ...»

«ኬኩን ተዪው።»

«ረሳሁት። በማግስቱ ጠዋት ግን አውቄ ነበር። ደውዬ ብናገር እንደገና መጥተን እናስመርጥህ ነበር። አፈርኩ። አረጀች እንዳይሉኝ ፈራሁ። ማክሰኞም በመኪና ልናመጣህ እንችል ነበር፤ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት።»

«አረጀች እንዳይሉሽ!» አለ። ሳቅ የሚመስል ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ። «እኔ እኮ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሄርዲስ። የሚቀጥለው ምርጫ መቼ ነው?»

ሄርዲስ መነጽሯን አወለቀች።

«እሷስ? ዜሮውን አይታለች?»

«አይታለች። በቴሌቪዥን ጠይቀዋት ነበር። አባቴ መልሱን ሰጥቶኛል አለች።»

ቶርኪል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትላልቅ፣ አሳማ ሲያነሱ የኖሩ እጆች ናቸው። ከኋላቸው የሚወጣውን ድምፅ ሄርዲስ ቆማ ሰማች፤ የሠራችው ነገር ነውና መስማት ነበረባት።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች።

እጁን ከፊቱ ሲያወርድ «ደውዪ» አላት። ቁጥሩን በቃሉ ነገራት፤ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ደውሎበት የማያውቀውን ቁጥር፣ ስምንቱንም አሃዝ ሳይደናቀፍ። ስልኩን ከመስኮቱ አንስታ ቁጥሮቹን ነካካችና ሰጠችው። ጠራ። ደግሞ ጠራ።

«ሶልቫይ ነኝ» አለ ቀጭን ድምፅ ከውስጥ።

የቶርኪል ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ቃል አልወጣውም። አፉን ከፍቶ ሲታገል ቆየና ስልኩን ወደ ሄርዲስ ገፋው። «አንቺ ንገሪያት!» አለ። «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ሶልቫይ፣ ሄርዲስ ነኝ። የኖርሆልሟ፣ ጎረቤታችሁ።»

«አባቴ ሞተ?»

«አይ! አይ፣ የኔ ልጅ፣ አልሞተም። አጠገቤ ነው።» ሠላሳ ምናምን ዓመት የጠበቀችው ሕግ አፏን ያዛት፤ ሰው ምን ብሎ እንደመረጠ አይነገርም። የራሷን ጥፋት ከመናገር ግን ማንም አይከለክላትም። «ያቺ ዜሮ... ያቺ ያየሻት ዜሮ የአባትሽ አይደለችም። የእኔ ናት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የቀረውን እሱ ይንገርሽ።»

«አቅርቢልኝ» አለች ሶልቫይ።

ሄርዲስ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። ቶርኪል ራሱ ጨበጠውና መናገሪያውን በመዳፉ ሸፈነ። ወደ እሷ አልዞረም።

«ቁልፌን አስቀምጪና ሂጂ» አላት።

ቁልፉን ከኪሷ አወጣች። የመስኮቱ ደፍ ላይ ያ ሰማያዊ ብዕር ተጋድሟል። ቁልፉን አጠገቡ አኖረችው፤ ብዕሩን አላነሳችውም። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋ ሽማግሌው «አንድ ነበር» ሲል ሰማች፣ ደግሞም «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ አንድ ነበር» ሲል። መንገዱን ተሻግራ ቤቷ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ጋዜጣው በሩ ሥር ሲወድቅ አነሳችው፤ የምታነብለት ሰው አልነበራትም።